ውስጡን ለቄስ፣ በሩን ለጎረቤት

ርካሽ የግንባታ ዕቃ አመራረጥ ከአጎቴ መማር ነው። ለገጣፎ መንገድ ላይ ቪላ ሠርተው ጨርሰዋል። ዕድሜያቸውን የፈጁት መሪ ጨብጠው ነው፤ ቢሆንም መሐንዲስ የሚባል ሰው አላስፈለጋቸውም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንዲት ጥያቄ ትበቃቸዋለች። «ከመንገድ ይታያል?»

ከታየ ዋጋ አይጠየቅም። ካልታየ ርካሹ ይምጣ።

ፌሮውን እንውሰድ። ፕላኑ ለኮለን፣ ቤቱን ለሚሸከመው ምሰሶ፣ ባለ 14 ሚሊ ይላል። አጎቴ ተክለሃይማኖት ወርደው ዋጋ ጠየቁና ባለ 12 ጭነው ተመለሱ። «ሁለት ሚሊ ምን ታመጣለች? በጥፍር እንኳ አትያዝም!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ባለ 14ቱ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ቤርጋ፣ 14 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ባለ 12ቱ ደግሞ 10 ኪሎ ተኩልን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። በዚያች በማትያዝ ሁለት ሚሊ ከእያንዳንዱ ቤርጋ ሩብ በላይ ብረት ዳነ። ደግሞ ፌሮ ጨዋ ነው። አንዴ ሲሚንቶ ከለበሰ የሰው ገመና አያወጣም።

አሸዋውን ሳይ ቀለሙ አላማረኝም። ትንሽ ዘግኜ ሃይላንድ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጬ አስቀመጥኩት። በማግስቱ አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተኝቷል፤ ጭቃውም እንደ ገንፎ ወፍሯል። ጭቃው ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል፣ ደንቡ እንዲህ ነው። አጎቴ ሃይላንዱን ወደ ብርሃን አንስተው አገላብጠው አዩት። «የተባረከ ሻጭ ነው፤ አፈሩን በነፃ ጨምሮልኛል» አሉ።

ብሎኬቱ የተመታው ማክሰኞ ነው፤ ሐሙስ ግድግዳ ላይ ወጣ። ቀናት ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም ብል፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር መጀመሪያ ሰው ይጠጣ ተባልኩ። ሲያወርዱት የተወሰነው እንደ በሶ ተበተነ። ከመኪናው በሰላም የወረደው «ፈተና ያለፈ» ተብሎ ተገነባ። ዝናብ መትቶት የጠጠረ ሲሚንቶም ነበር። እሱ በመዶሻ ተፈርክሶ ገባ፤ ምን ይጣላል?

እኔ ግን በይበልጥ የማደንቀው የቆርቆሮውን ምርጫ ነው። ሻጩ 28፣ 30፣ 32 እና 35 ጌጅ አለኝ አላቸው። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቆሞ ያሰላስላል፣ ይጨነቃል። አጎቴ ግን ዕድሜ ልካቸውን ትልቅ ቁጥር ሲያሸንፍ ነው ያዩት። «35ቱን አምጣ» አሉ። ዋጋውም ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ቁጥር በትንሽ ብር! ይህን ገበያ ለሰው ሁሉ ሲያወሩት እስከ ዛሬ ፊታቸው ይበራል።

በዚህ ሁሉ የተቆጠበው ገንዘብ ወዴት ሄደ? በሩ ላይ ነዋ። ሁለት ሰው ተሸካክሞ ቢቆም ጫፉን የማይነካው ጥቁር ላሜራ። በሁለቱም ክንፍ ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ የአንበሳ ራስ። ምሰሶዎቹ ግራናይት ለብሰዋል። ወደ መንገድ የሚያዩት መስኮቶች ሰማያዊ አንጸባራቂ መስታወት ናቸው። የቤቱ ጀርባ ግን እስካሁን ልስን የሚባል ነገር አልነካውም። ጀርባውን ማን ያያል?

አንድ ጊዜ ስለ ጭቃ ቤት አንስቼ ተዋርጃለሁ። አያቴ ምንጃር ላይ የሠሩት የጭቃ ቤት አለ። መሠረቱ ድንጋይ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ቀናት ቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ የተመረገ ነው። ክዳኑ ሰፋ ብሎ ግድግዳውን ከዝናብ ይከልላል። አጎቴ የተወለዱት እዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ዛሬም ቆሟል። «ለጭቃ ለጭቃማ ምን አስወጣኝ ካገሬ?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

ሰርቪሱን ግን በጭቃ ነው ያሠሩት። ከመንገድ አይታይማ። ለእሱ ክዳን አዲስ ቆርቆሮ ማውጣት ብክነት ነው ብለው ከምናለሽ ተራ አሮጌ ገዙ። ያረጀ፣ የዛገ፣ ግን እንደ ድሮው ወፍራም። ቤተሰቡ ውሎና አዳሩ እዚያ ነው። ቪላው እንግዳ ይጠብቃል።

እንግዳው ባለፈው ሐምሌ መጣ። የቤት ምርቃት ነበር። ገና ዳቦው ሳይቆረስ በረዶ ወረደ። ባለ 35 ጌጁ ስር መነጋገር ቀርቶ የራስን ሐሳብ መስማት አልተቻለም። ቄሱ ሲመርቁ ከንፈራቸውን እያየን አሜን አልን። ከዚያ ኮርኒሱ አበጠ። አንድ ሳፋ መጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ ድስት። ሶፋው ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር አክስቴ ረከቦቱን አንስተው ወደ ሰርቪሱ ሮጡ። እኛም ዳቦውን ይዘን ተከተልን።

ደረቅ ነው፣ ይሞቃል፣ ቡናው ይሸታል። ሃያ ሰው ጭቃ ግድግዳ ተደግፎ ተደራርቦ ተቀመጠ። አጎቴ መጨረሻ ገቡ፤ ኮታቸው ውሃ ጠጥቷል። ደጃፉ ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩን።

«በሩን ግን አይታችሁታል?» አሉ።