ለክቡር ፕሌይስቴሽን፦ ሽማግሌዎቼን ስላቆሙልኝ የቀረበ ምስጋና

ጉዳዩ፦ የቤቱን ኢንተርኔት ብቻዎን ስለመብላትዎ

ክቡር ሆይ፣

ከቴሌቪዥናችን ሥር፣ ባለቤቴ በሠራችው ዳንቴል ላይ እንደተንፈላሰሱ ይህ ደብዳቤ በጤና እንደሚያገኝዎ አልጠራጠርም። በዚህ ቤት ጤና የሚያጣው ሌላው ነው።

ባለፈው እሑድ የእህቴን ወንድ ልጅ ለመዳር ሦስት ሽማግሌዎች ማራኪ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ መጥተው ነበር። የልጅቱ አባት የሚኖሩት ዋሽንግተን በመሆኑ ሽምግልናው በቪዲዮ ጥሪ እንዲሆን ተስማምተን፣ ከዘመድ አዝማዱ መካከል የቤት ኢንተርኔት ያለኝ እኔ ስለሆንሁ ክብሩ ለእኔ ደረሰ። ወጉን ምናልባት አልሰሙ ይሆናል፤ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም። መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ሁለቱ አዛውንቶችም ነጠላቸውን አጣፍተው በላፕቶፑ ፊት ቆሙ። መምሬ ስለ ልጁ ዘርና ጠባይ በወጉ ተናግረው ሲጨርሱ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ መምሬ፣ እኔ ልጄን አልሰጥም…» ብለው አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ። በስክሪኑ መካከል ያቺ የምናውቃት ክብ መዞር ጀመረች።

አሥራ አንድ ደቂቃ ዞረች። አንደኛው አዛውንት «መልሱን ሰምተናል» ብለው ከዘራቸውን አነሡ፤ እህቴ ወጥ ቤት ገብታ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም የአባትየውን የተከፈተ አፍ እያየሁ ላብ አጠመቀኝ። ምስሉ ሲመለስ ሰውየው ንግግራቸውን ከጨረሱ ቆይተው «ሃሎ፣ ሃሎ» እያሉ ነበር። ለካ ያሉት «ልጄን አልሰጥም ብዬ ሽማግሌ የማሳፍር ሰው አይደለሁም» ነው። አማርኛችን ፍርዱን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ እንደሚያስቀምጥ እርስዎ ያውቁ ኖሯል፤ አቆራረጥዎ የአዋቂ ነው። ነገር ግን ከዘራቸውን ያነሡት አዛውንት በዚያን ጊዜ ከደጅ ወጥተው፣ ወሬውም ከእርሳቸው ጋር ወጥቶ ነበር።

ልጄን ልቆጣ ብነሣ ልጄ ቤት የለም። የሚጫወት ሰው አልነበረም። እርስዎ ግን ያችን ብርቱካናማ መብራት አብርተው፣ «ዕረፍት ላይ ነኝ» ብለው፣ ለአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ 40 ጊጋባይት ማሻሻያ እያወረዱ ነበር። የእኛ መስመር በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው። በወረቀት አስልቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው ምንም ሳይነካ፣ መብራትም ሳይጠፋ፣ ይህ ማዕድ የሚያልቀው ከ22 ሰዓት በኋላ ነው። ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚመዝኑ ጨዋታዎችም እንዳሉ ስሰማ፣ አሁን ያለንበትን ሁኔታ እንደ ጾም ቆጠርሁት።

ፍትሕ እንዳላጓድል አንድ ነገር ልመስክር። ልጄ ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ሲጫወት የሚወስዱት ከዚህ ማሻሻያ ጋር ሲነጻጸር እፍኝ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሲያወርዱ ነው። በዚያን ጊዜ የእርስዎ ውሂብ መስመሩን ሞልቶ ይሰለፋል፤ የመምሬ ድምፅ፣ ያች ለመሄድ ጥቂት ቦታ የሚበቃት ድምፅ፣ ከኋላ ቆማ ተራ ትጠብቃለች፤ ተራዋ ሲደርስም ነገሩ አልፎበታል። ሰልፍን እኛ አንጠላም፤ ለዳቦም ለነዳጅም ተሰልፈናል። ነገር ግን አንድ ሰው መቶ ጆንያ ይዞ ከፊት ቆሞ፣ ከኋላው አንዲት እናት በአንድ ሳህን ስትጠብቅ አይቼ አላውቅም።

በፋሲል ግቢ የአፄ በካፋን የግብር አዳራሽ ያየ ሰው ግብር በማዕረግ እንደሚበላ ያስታውሳል። ታላላቆቹ ጮማውን ቆርጠው ሲነሡ ቀጥሎ ያለው ይገባል፤ የመጨረሻው ዙር ፍርፋሪም ቢሆን ይደርሰዋል። በእኔ ቤት ግን ወር ጠብቆ የሚከፍለው ሰው ከደጅ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ተገዝተው ከልጄ አጎት ሻንጣ የወጡት እርስዎ ከማዕዱ አይነሡም።

መምሬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያን ሁሉ ደቂቃ አንድ ጊዜ እንኳ ወንበር አልጠየቁም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወር በወር ላይ ሲቆጠር፣ ውጭ ያለ ወንድማችንን ፊት ማየት ምን ያህል እንደሚናፍቅ ያወቅን ሰዎች ነን። አንተ ያን መስመር ለተጫዋች ጸጉርና ለሣር ቀለም ታውለዋለህ! ሽማግሌ አቁመህ! ይቅርታ፣ «እርስዎ» ማለቴ ነበር።

የቀድሞውን በደል አልዘረዝርም። ገጹ «ጊዜው አልፏል» እያለ ሦስት ጊዜ ከስሜ ጀምሬ የሞላሁትን ቅጽ ትቼዋለሁ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከሁላችን በፊት መንቃትዎንም ትቼዋለሁ። ልጄ ቀድሞ በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ እየከፈለ ሲያመሽ፣ ከዚያ ይልቅ ቤት ይሻለዋል ብዬ በእጄ ያስገባሁዎ እኔ ነኝና ከዚህ በላይ ለመናገር አፍ የለኝም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሳይታዘዙ በራስዎ ማውረድዎን አጥፍተው፣ የግድ ከሆነም ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይጀምሩ። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት ይችላል ተብያለሁ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ግን ልጄ ነው፤ ልጄ ደግሞ የእርስዎ ወገን ነው። ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሽምግልናው ሲደገም ገመድዎ ተነቅሎ፣ ዳንቴልዎን ተከናንበው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆያሉ።

ከሰላምታ ጋር
የወር ክፍያው ከፋይ፣ ጎንደር

ግልባጭ፦
ለራውተሩ
ለልጄ፣ የይለፍ ቃሉን አያይዞ እንዲመልስ
ለመምሬ፣ ተቀምጠው እንዲያነቡት