ማስተካከያ፦ የኪኩቺ በሽታ በምን ይረጋገጣል?

ኪኩቺ ትኩሳትና የአንገት ንፍፊት እብጠት የሚያመጣ በሽታ ነው። በባለፈው ጽሑፍ «ኪኩቺ በመርፌ ናሙና ብቻ ይረጋገጣል» ተብሏል። ትክክል አይደለም። ቀጭኗ መርፌ የምታወጣው ጥቂት ሴሎችን ስለሆነ ብዙ ጊዜ አታስተማምንም። ያበጠው ንፍፊት ሙሉው በትንሽ ቀዶ ጥገና ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም) የሞቱ ሴሎችና በዙሪያቸው የተሰበሰቡ ሂስቲዮሳይቶች (የሞቱ ሴሎችን የሚያጸዱ የመከላከያ ሴሎች) ያገኛል፤ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ግን የለም።

ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ሲባል ወባና ደንጌ ይታሰባል፤ አንገት ካበጠ ደግሞ ቲቢ። መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ግን አንዲት ወጣት የሌለባትን ቲቢ ለ6 ወር ስትታከም፣ ወይም ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ነው ተብላ ስትደነግጥ ያሳዝናል። ኪኩቺ ካንሰር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ወር ውስጥ በራሱ ይለቃል። ከዳነች በኋላም ክትትሏን አታቋርጥ፤ አንዳንዶች ላይ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ቆይቶ ይመጣል።