ማስተካከያ፦ የባቲ ገበያ ትዕይንት ድምፅ አቀዳድ

ለወሎ አጭር ፊልም ሠሪዎች ባዘጋጀነው መመሪያ፣ በባቲ የሰኞ ገበያ ትዕይንት የተዋንያኑ ንግግርና የገበያው ጫጫታ አንድ ላይ እንዲቀዳ ጽፈን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። አንድ ላይ የተቀዳውን በኤዲቲንግ ንጹሕ አድርጎ መለየት በጣም ይከብዳል። ምስሉ በተቆረጠ ቁጥር የግመሉ ጩኸት መሃል ላይ ይበጠሳል፣ የሻጩ ጥሪም ይዘላል።

ንግግሩን ገበያ በማይውልበት ቀን ቅዱ። ማይኩ ከፍሬም (ካሜራው ከሚያሳየው ምስል) ውጭ፣ ከተናጋሪው ራስ በላይ ከ50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከኋላ የሚታዩት አጃቢ ተዋንያን አፋቸውን ያለ ድምፅ ያንቀሳቅሱ። እዚያው ሁሉም ዝም ብሎ የቦታው ድምፅ ብቻ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቀዳ፤ በንግግር መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው። የገበያውን ድምፅ ሰኞ ዕለት ለብቻው ሳታቋርጡ ከ3 ደቂቃ በላይ ቅዱና በኤዲቲንግ ከንግግሩ ሥር አንጥፉት።