እርማት፦ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን አይደለም

ስለ ጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞች በድሬዳዋው አሮጌ ወርክሾፕ ውስጥ ጎብኚዎችን ተቀብለው ስለ ማሽኖቹ ማስረዳታቸውን ማመስገንዎ ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያው ጽሑፍ «ዳግማዊ ምኒልክ በባቡር አዲስ አበባ ገቡ» ማለትዎ በብዙዎች ዘንድ የሚነገር ስሕተት ስለሆነ መታረም አለበት።

ንጉሠ ነገሥቱ ለስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የግንባታውን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረርን ትቶ በቆላው ያለፈውም ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ በመሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ በገንዘብ እጥረትና በአውሮፓ መንግሥታት ሽኩቻ ተዳክሞ ስለከሰረ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ምኒልክ በ1913 ሲያርፉ ሐዲዱ ገና ዋና ከተማው አልደረሰም ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ በዘውዲቱ ዘመን ነው። የለገሃሩ ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ በ1929 ተመረቀ።

የስሕተቱ አንዱ ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ይመስለኛል፤ ባቡሩ የገባበትን 1909 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ ዓመት የሚያነብ ሰው ምኒልክ በሕይወት ያሉበት ዘመን ላይ ያርፋልና። ስለዚህ በወርክሾፑ ላሉት ቅርሶች መግለጫ የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀሙ ከየዓመቱ አጠገብ ቢያሰፍሩ መልካም ነው።