ስልኳ ስልጠና ላይ ነው፣ እሷ ወጥ ቤት ናት

አንድ ቅዳሜ ማታ ወንድሜ ቤት ነበርኩ። ባለቤቱ ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ አቁማዋለች። ስክሪኑ ላይ አንድ ዶክተር ስላይድ ያነባል። እሷ ሽንኩርት ታቁላላለች። ልጇ የቤት ሥራውን ይዞ ይመጣል፣ ታሳየዋለች፣ ይመለሳል። በየመሐሉ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን ጎንበስ ብላ ታያለች። ዶክተሩን ለመስማት አይደለም። የፖስት ቴስቱ፣ ማለትም በስልጠናው መጨረሻ የሚሰጠው ፈተና፣ ሊንክ ቻት ላይ ተለቆ እንደሆነ ለማየት ነው። ሊንኩ ካመለጣት ሰርተፍኬት የለም። ሰርተፍኬት ከሌለ የሲፒዲ፣ ማለትም የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ፣ ነጥብ የለም። ነጥቡ ካልሞላ ደግሞ የሙያ ፈቃዷን ለማሳደስ ትቸገራለች።

ሲያልቅ "ምን አሉ?" አልኳት።

"ስለ ደም ግፊት ነው።"

"እሱስ ገብቶኛል። ምን አሉ?"

ትንሽ አሰበች። "እውነቱን ልንገርህ? ምንም አልያዝኩም" አለችኝ።

እሷን አልወቅስም። ቀኑን ሙሉ ሠርታ፣ በገዛ ዳታዋ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይታለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንድም ሰው አንድም ነገር አልጠየቃትም። እኔም ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጡ የኦንላይን ስልጠናዎችን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። ስለዚህ የዚያ ምሽት መልሷ በቀጥታ ለእኔ የተነገረ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

የእኛን የዙም ስልጠና የተካፈለ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። መጀመሪያ ሰው እስኪገባ ይጠበቃል። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አለ፣ ቀጥሎ የመክፈቻ ንግግር፣ ቀጥሎ የአቅራቢው ሙሉ የትምህርትና የሥራ ታሪክ። ይሄ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይበላል። ከዚያ ስክሪን ይጋራና ሰማንያ ምናምን ስላይድ ይነበባል። ቻቱ ላይ "ድምፅ ይቆራረጣል"፣ "እባካችሁ ማይካችሁን ዝጉ"፣ "ስላይዱ ይላክልን"፣ "ሰርተፍኬቱ መቼ ነው?" ይጻፋል። መሐል ላይ አንድ ሰው ከገጠር ጤና ጣቢያ ከባድ ጥያቄ ይጽፋል። ማንም ሳያየው ወደ ላይ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ "ሰዓታችን ስላለቀ ሁለት ጥያቄ ብቻ" ይባላል።

ይህን ቅርጽ ከአዳራሽ ነው ያመጣነው። በኮቪድ ጊዜ ዓለም በሙሉ ወደ ስክሪን ሮጠ። በ2019 መጨረሻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በቀን 10 ሚሊዮን የነበረው የዙም ስብሰባ ተሳታፊ በአራት ወር ውስጥ 300 ሚሊዮን ደረሰ። ያኔ ቆም ብሎ የሚያስብ አልነበረም፤ አዳራሹን እንዳለ አንስተን ስልክ ውስጥ ከተትነው። አዳራሽ ግን የሻይ ዕረፍት አለው። በሻይ ዕረፍቱ አንዱ ነርስ ሌላውን "እናንተ ጋ ይሄ ነገር እንዴት ነው?" ይለዋል። ብዙው ትምህርት እዚያ ነበር። ስልክ ውስጥ ስንከተው ንግግሩን ይዘን ሻዩን ጣልነው።

ይህን ነገር ቀድሞ የፈታ ሰው አለ፤ ከዙም መፈጠር በፊት። ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ ይሠራ ነበር። የጉበት ሐኪም ነው። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ የያዛቸው ሰዎች እሱ ጋ ለመድረስ ስምንት ወር ይጠብቁ ነበር። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እየነዱ የሚመጡም ነበሩ። ሁሉንም ማከም እንደማይችል ሲያውቅ በ2003 ኤኮ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። በየሳምንቱ በቪዲዮ ከየገጠሩና ከየማረሚያ ቤቱ ባለሙያዎች ጋር ይገናኛል። ትኩረት የሚያሻው ግን ስብሰባው የተሠራበት መንገድ ነው። ትምህርቱ አጭር ነው። ቀሪው ጊዜ የተሳታፊዎቹ ነው። የገጠሩ ባለሙያ ያቃተውን በሽተኛ ስሙን ሳይጠቅስ ያቀርባል፤ ሌሎች ይጠይቁታል፤ ስፔሻሊስቶቹ ይመክሩታል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላው ያቀርባል።

ውጤቱ በ2011 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። 407 በሽተኞች ታይተዋል። በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶው ቫይረሱ ጠፋላቸው። በየገጠሩና በየማረሚያ ቤቱ፣ በስክሪን በተማሩ ባለሙያዎች ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶው። እኩል ማለት ነው። ይህን ውጤት ሳነብ ስለ ሰርተፍኬት ማሰብ አቆምኩ። በስክሪን የተሰጠ ትምህርት በአንድ ሰው ደም ውስጥ ያለን ቫይረስ እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በኔትወርክ ላይ ማላከክ አንችልም።

ሌላም ጥናት ልጨምር፤ ይህኛው አነስ ያለ ነው። በ2013 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የ21 ደቂቃ የስታቲስቲክስ ትምህርት በቪዲዮ አሳዩ። ትምህርቱ በአራት ተከፈለ። አንዱ ቡድን በየክፍሉ መጨረሻ አጭር ጥያቄ ይመልሳል። ሌላው ስለ ትምህርቱ አይጠየቅም። በየመሐሉ "አሁን ሐሳብህ የት ነው?" ተብለው ተጠየቁ። ጥያቄ ያልነበረው ቡድን 41 በመቶ ያህል ጊዜ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ጥያቄ የነበረው 19 በመቶ። ማስታወሻም ሦስት እጥፍ ጻፉ። ልብ በሉ፣ 21 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የምናወራው።

ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ግን ይህን ሲሰማ አይገርመውም። እዚያ ተማሪው የኔታ ሲናገሩ እየሰማ ብቻ አይውልም። ሰምቶ ይወጣል፤ ዛፍ ሥር ወይም ጥግ ፈልጎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ይታረማል። ተመልሶ ደግሞ ይቆጥራል። ጀማሪው የሚነሳውም ከትንሹ ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና። ትንሽ ሰምቶ፣ ሠርቶ፣ አቅርቦ፣ ታርሞ። አያቶቻችን የሠሩትን እያወቅን ለምን ሰማንያ ስላይድ እንደምናነብ ይቆጨኛል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር አንድ ስልጠና በሌላ መንገድ ሞከርን። ርዕሱ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ነበር። መክፈቻ ንግግር የለም። አቅራቢው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተዋወቀ። የመጀመሪያው ስላይድ እንዲህ ይላል፦ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ብቻሽን ተረኛ ነሽ። እናትየዋ ከወለደች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል። አንሶላው ርሷል። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ሄዷል። መጀመሪያ እጅሽ የት ይሄዳል?" ከሥሩ አራት ምርጫ።

አርባ የሚሆን ሰው ነበር። መልሱ ተበታተነ። አንዱ ማህፀኑን ማሸት፣ ሌላው ደም ሥር መክፈት፣ ሌላው ሰው መጥራት ብሎ መረጠ። አቅራቢው መልሱን ወዲያው አልነገራቸውም። "ለምን ይህን መረጣችሁ?" ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤ እኔ እንኳ ልናገር ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ አንዲት አዋላጅ ማይኳን ከፈተች። "እኔ ጋ እኮ ይሄ ሆኖ ያውቃል" አለች።

ኦክሲቶሲኑ ፍሪጅ ውስጥ ነበር፤ መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋልና። ፍሪጁ ተቆልፏል። ቁልፉ ቤቱ ሄዶ የተኛ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው። በር እያንኳኩ እስኪያስነሱት ድረስ እሷ ማህፀኑን እያሸች ቆየች። እናትየዋ ተርፋለች። አዋላጇ ግን ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስፔሻሊስቱ "ይህን አስቤው አላውቅም" አለ። ቀሪውን ጊዜ በሙሉ ስለዚያ ነው ያወራነው። የማታ ተረኛ እጅ ላይ ምን መኖር አለበት? ቁልፉ የት ይቀመጥ? የድንገተኛ ዕቃ የሚያዘው ካርቶን ውስጥ ምን ይግባ? ሌሎች አራት ሰዎች የራሳቸውን ነገሩን። ካዘጋጀናቸው 22 ስላይዶች 9ኙን ብቻ ነው ያየነው። አንድም ሰው ስለቀሩት አልጠየቀም።

ከተማርነው አንዱ፣ ስልጠናው ዙሙ ሲዘጋ ማለቅ እንደሌለበት ነው። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳይተዋል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ሳያይ ለማስታወስ ሞከረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ለማስታወስ የሞከሩት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። እኛ ፖስት ቴስቱን የምንሰጠው ስልጠናው እንዳለቀ ነው። የምንለካው የአምስት ደቂቃዋን ትዝታ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አሁን በቴሌግራም ግሩፓችን በሦስተኛው ቀን አንድ ጥያቄ፣ በሳምንቱ ሌላ እንለቃለን። ቴሌግራም የኩዊዝ አማራጭ ስላለው ቀላል ነው፤ ዳታም ብዙ አይበላም። ከነዚህ ጥያቄዎች በአንዱ ሥር አንድ ጤና መኮንን ፎቶ ለጠፈ። የማዋለጃ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሚስማር ተመቷል፤ ሚስማሩ ላይ የፍሪጁ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ግን ሰው የሚያስቀሩ ነገሮችም አሉ። ሰዓት አንዱ ነው። ፖስተር ላይ "8፡00" ብቻ ተጽፎ ግማሹ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር አስልቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት የገባበት ቀን አጋጥሞኛል። አሜሪካ ያሉ ሐበሻ ሐኪሞች ሲያስተምሩን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዋሽንግተን በእኛ አነጋገር ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በበጋቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 3 ሰዓት ይሆናል። "ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ" ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

ካሜራ ክፈቱ እያልን ሰውን አናስጨንቅ። ዳታ ውድ ነው፤ ብዙዎች ያሉበት ቤትም ለካሜራ አይመችም። ድምፁን ብቻ ቆርጦ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ደግሞ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

ቋንቋው ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ይሁን፣ የተማርነውም በእንግሊዝኛ ነው። ውይይቱን በእንግሊዝኛ ስናደርገው ግን ሰው አፉ ይያዛል። ያቺ አዋላጅ "በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገሪ" ብትባል ኖሮ የቁልፉን ታሪክ አንሰማውም ነበር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚቀናው ይናገር። የሚተረጉም ሰው ከመካከላችን አይጠፋም።

"ሰው ሲበዛ ይሄ አይሠራም" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ 500 ሰው ባለበት ሁሉም ኬዝ፣ ማለትም ያቃተውን በሽተኛ፣ አያቀርብም። ግን ማን ነው 500 ይሁን ያለው? ሪፖርት ላይ ትልቅ ቁጥር ስለሚያምር ነው። አርባ አርባ ሰው በየሳምንቱ ቢገናኝ ይሻላል። ትልቅ ስብሰባ ግድ ከሆነ ደግሞ ሰዉን በየትንሽ ክፍሉ በትኖ አንድ ጥያቄ ሰጥቶ አሥር ደቂቃ ማወያየት ይቻላል፤ መበተኛው ቁልፍ ዙም ላይ አለ፣ የሚነካው ሰው ነው ያጣነው።

የሲፒዲ ስልጠና ለሚሰጡ ተቋማትና ነጥቡን ለሚያጸድቁት ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ነጥቡን ሰው ስልኩን አብርቶ ስለቆየ ብቻ አትስጡት። ኬዝ ላቀረበ ስጡት። በሳምንቱ ጥያቄውን ለመለሰ ስጡት። የተማረውን ሥራ ቦታው ላይ ሞክሮ ምን እንደገጠመው ለጻፈ ስጡት። ሰው ነጥብ ወዳለበት ይሄዳል። ነጥቡ ሊንክ ጥበቃ ላይ ከሆነ ሊንክ ይጠብቃል።

የወንድሜን ሚስት በሚቀጥለው ወር ኬዝ እንድታቀርብ ጠይቄያት እሺ ብላለች። ግፊቱ አልወርድ ያላቸው አንድ አባት አሉ፤ መድኃኒቱን የሚወስዱት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። እንዴት እንደምታሳምናቸው ግራ ገብቷታል። ሰዓቱን ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ "እንግዲያው የዚያን ቀን ወጡን ቀን ላይ ሠርቼ አስቀምጣለሁ" አለችኝ።