የእንጀራው ዓይንስ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በካይ ጋዝ ብቻ አድርጎ ማቅረቡ አልተዋጠልኝም። የእንጀራውን ዓይን ማን የሠራው መሰላችሁ? ሊጡ ሲቦካ የሚፈጠረው ይኸው ጋዝ ነው፤ ምጣዱ ላይ ሲሞቅ እየፈነዳ ይወጣል። የአምቦ ውሃም ከምድር ሲፈልቅ ጀምሮ ጋዙን ይዞ ነው የሚመጣው። ለስላሳ ፋብሪካዎች ግን በግፊት ይጨምሩታል።

አደገኛነቱ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሜሩን ውስጥ ጋዙ ከኒዮስ ሐይቅ በአንድ ሌሊት ገንፍሎ ወጥቶ 1,700 ገደማ ሰው ፈጀ። ከአየር ስለሚከብድ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ወረደ። ብዙዎቹ በተኙበት ቀሩ። ከብቱም እንዲሁ። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ መጥመቂያ ጋን ውስጥ ዝም ተብሎ የማይገባውም ለዚሁ ነው፤ ጋዙ ቀለም የለው፣ ከታች ተኝቶ ይጠብቃል።