የጉዞ ግመሎችንና ግመለኞችን በይዞታችን ማሳደር ይገባል ወይስ አይገባም?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ከብት፣ ፈረስና ሰብል ያለው የገጠር ባለይዞታ፣ ጓዝ ጭነውና መንገደኛ አስከትለው የሚያልፉ ግመለኞች ከነግመሎቻቸው አንድ ሁለት ሌሊት እንዲያሳድራቸው ቢጠይቁት ሊፈቅድላቸው ይገባል። ሁለቱም ተከራካሪዎች የራሳቸው መሬትና ከብት ያላቸው ናቸው።

ደጋፊው ተከራካሪ፦

ግመሎች ሊመጡ ነው ሲባል አብዛኛው ባለ መሬት በቅድሚያ የሚሠጋው ለአፈሩና ለሣሩ ነው። አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ባለ አንድ ሻኛ ግመል ከ400 እስከ 600 ኪሎ ግራም ይመዝናልና፣ እንዲህ ያሉ ስምንት ወይም ዐሥር እንስሳት አንድ ሌሊት ቢያድሩበት ግጦሹ ተረጋግጦ የሚያልቅ ይመስለዋል። ሥጋቱ የሚመነጨው ግመልን በከብት ሚዛን ከመለካት ነው። የግመል ሁለት ጣቶች የሚያርፉት በሰፊና ለስላሳ መዳፍ ላይ ነው፤ በረገጠ ቁጥር መዳፉ ይዘረጋና ክብደቱን ያሰራጨዋል። የከብትና የፈረስ ጠንካራ ሰኮና የደረቀውን የአፈር ቅርፊት እየሰበረ ለንፋስና ለጎርፍ ሲያጋልጠው፣ የግመል መዳፍ ግን በአብዛኛው ጠፍጣፋ ዱካ ብቻ ትቶ ያልፋል።

አመጋገቡም ከከብት ጋር ብዙም አይሻማም። ግመል ሣር አይበላም ማለቴ አይደለም፤ ምርጫ ካገኘ ግን ዓይኑ የሚሄደው ወደ ቁጥቋጦውና ወደ ዛፉ ነው። የላይኛው ከንፈሩ ከመካከል የተሰነጠቀ ስለሆነ ሁለቱን ወገን ለየብቻ እያንቀሳቀሰ፣ ረጃጅም እሾህ ከወረረው ቅርንጫፍ ላይ ቅጠሉን እየለየ ይለቅማል። ልቅ ሆኖ ሲሰማራ ከአንዱ ቁጥቋጦ ጥቂት ቀንጥቦ ወደ ሌላው ይሻገራል እንጂ አንዱን ተክል ጨርሶ እስኪያራቁት ድረስ አይቆምም። ከብትና በግ አልፈውት የሚሄዱትን፣ ባለ መሬቱም በየጊዜው እየመነጠረ የሚደክምበትን እሾሃማ ጥሻ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚቀንጥብለት እንግዳ ጎጂ ነው ሊባል አይችልም።

ስለ ግመለኞቹም አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ግመል በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የመብያ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለማመንዠክም ሌላ ረጅም ሰዓት አለው። ሥራውን የሚያውቅ ግመለኛ ስለዚህ ማለዳ ተነሥቶ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ጓዙን ያራግፋል። ያን ሰዓት ቀርቦ ማየት ደግሞ ጥሩ መመዘኛ ነው። ግመሎቹ ተንበርክከው ኮርቻው ከወረደ በኋላ ግመለኛው ከምግቡም ከማረፊያውም በፊት እጁን በእያንዳንዱ ግመል ጀርባና ጎን ላይ ከጸጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ እያሳለፈ፣ የተቆጣ፣ ያበጠ ወይም የሞቀ ቦታ መኖሩን የሚፈልግ ከሆነ፣ ለእንስሳው እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው በሌላው ሰው አጥርና በር ላይም ግድየለሽ አይሆንም። ኮርቻውን ወርውሮ ሻይ ለማፍላት የሚሮጠውን ሰው ግን እኔም አላሳድረውም።

የእግር ጉዞ መንገድ የሚኖረው በየቀኑ ጉዞ መጨረሻ ላይ ማደሪያ ሲገኝ ነው። አንድ ባለይዞታ በሩን ሲዘጋ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ሁለት ቀን መንገድ ይለወጣል፤ ጉዳቱም የሚያርፈው ሸክም በተሸከመው እንስሳ ላይ ነው።

ተቃዋሚው ተከራካሪ፦

የተከበሩ ተከራካሪዬ ስለ መዳፉና ስለ ከንፈሩ የጻፉትን እቀበላለሁ። አፈሬ በግመል መዳፍ ይጎዳል ብዬ ተከራክሬ አላውቅም። እርስዎ የመረጡልኝ ሥጋት ግን ለመመለስ የሚቀለው ነው፤ የሚከብዱት አልተነሡም።

ከፈረሶቹ ልጀምር። ግመል አይቶ የማያውቅ ፈረስ ሽታው ገና በነፋስ ሲደርሰው ይደነግጣል፤ ከታየው ደግሞ አጥር ጥሶ እስከመፈርጠጥ ሊደርስ ይችላል። ይህ ጥንትም የታወቀ ነገር ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፋርሱ ቂሮስ ከልድያው ንጉሥ ከክሮይሶስ ጋር ሲዋጋ፣ የጓዝ ግመሎቹን ከጦሩ ፊት አሰልፎ የልድያን ፈረሰኛ ጦር እንዳስበረገገ የጥንት ታሪክ ይተርካል። በጦር ሜዳ የሠለጠነ ፈረስ ያልቻለውን ሽታ የእኔ ባዝራ ከነውርንጭላዋ በጸጥታ ትቀበለዋለች ብዬ መገመት አልችልም። ባዝራዬ በእሾህ ሽቦ ላይ እግሯን ብትሰነጥቅ ደግሞ ግመሎቹ ምንም አላደረጉም፤ ቆመው ነበር፤ ታዲያ ማንን እጠይቃለሁ?

ቀጥሎ በሽታ አለ። ሱራ የሚባለው በነካሽ ዝንቦች አማካይነት የሚተላለፍ የደም ጥገኛ ግመልን ያከሳል፤ ፈረስን ግን ብዙ ጊዜ ይገድላል። የግመል እከክ ደግሞ ለመተላለፍ የግድ የእንስሳት መነካካት አያስፈልገውም፤ የታመመው ግመል ጎኑን ያከከበት ግንድ ወይም የአጥር ቋሚ ይበቃል፤ ወደ ሰውም ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካላት ሕመም ቫይረስም ማደሪያው ባለ አንድ ሻኛ ግመል መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። የትኛውም ግመል በሽተኛ ነው እያልሁ አይደለም። ከብዙ ይዞታዎች አንድ አንድ ሌሊት እያደረ የሚመጣ መንጋ ግን ከእያንዳንዱ ይዞታ የሆነ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዘርም እንዲሁ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት ሌላ ቦታ የተበላው አረም ዘሩ ሳይሞት በፋንድያው ወጥቶ እኔ ማሳ ዳር ይበቅላል።

ጉዳቱ ከእንግዳው ወደ አስተናጋጁ ብቻ የሚሄድ መስሎ እንዳይታይ ደግሞ ስለ እኔ ግቢ ልንገርዎት። ለዶሮና ለከብት በሚዘጋጅ መኖ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁት ሞነንሲንና ሳሊኖማይሲን ለሚታሰቡላቸው እንስሳት መድኃኒት ሲሆኑ፣ ግመልና ፈረስ ግን ጥቂቱን እንኳ መቋቋም አይችሉም፤ የልብና የሌላውም አካል ጡንቻቸው እየተጎዳ ይሞታሉ። ጆንያው ተከፍቶ በተቀመጠበት መጋዘን አጠገብ አንገቱ የረዘመ እንስሳ ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ይገባዎታል። ለውበት የተከልሁት ኦሊያንደርም ከቅጠሉ እስከ ግንዱ መርዝ ነው። የሞተው የሰው ግመል ቢሆን ካሣ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ያውም በደግነት ስላሳደርሁ።

ስለ ወንዱ ግመልም ዝም ማለት አይቻልም። በስሪያው ወቅት ጥርሱን ያፋጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ቀይ ፊኛ የሚመስለውን ለስላሳ ላንቃውን በአፉ ጎን እያወጣ ያጉረመርማል፤ በዚያ ጊዜ ንክሻው የሰው ክንድ ይሰብራል። ለማየት ወደ አጥሩ የሚሮጡት የቤቱ ልጆች ናቸው፤ ግመለኛውም ሌሊቱን ሙሉ አይነቃም።

ደጋፊው ተከራካሪ፦

ተቃዋሚዬ የጠቀሷቸው አደጋዎች እውነተኛ ናቸው፤ አንዱንም አልክድም። ጥያቄው ግን እነዚህ አደጋዎች በር ለመዝጋት ምክንያት ናቸው ወይስ በሩ ከመከፈቱ በፊት ለሚደረግ ንግግር መነሻ የሚለው ነው።

በአብዛኛው ለረጅም ጉዞ የሚመረጡት የተኮላሹ ወንዶች ናቸው፤ ምክንያቱም ግመለኛው ራሱ ከሁላችንም ይልቅ በስሪያ ላይ ያለ ወንድ ግመልን ይፈራል፤ በየቀኑ ከአፉ አጠገብ የሚሄደው እርሱ ነውና። ያልተኮላሸ ወንድ ካለ አይምጣ ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ስለ ፈረሶቹ ደግሞ፣ የሚያድሩበት ቦታ ከፈረሶቹ በስተነፋስ በታች እንዲሆን፣ በመካከላቸውም ቢያንስ አንድ ባዶ የግጦሽ መሬት እንዲኖር ማድረግ፣ ለጎረቤትም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ኦሊያንደርም የሚያድገው በጓሮ ነው፤ መኖውም መጋዘን ውስጥ ነው፤ ግመሎቹን ከጓሮና ከመጋዘን አርቆ ማሳደር ማንንም አይከብድም። ስለ አረሙ ዘር እውነትዎን ነው፤ ከመምጣታቸው በፊት ለጥቂት ቀናት ንጹሕ ድርቆሽ እንዲበሉ መጠየቅና ያደሩበትን ቦታ ፋንድያ ሰብስቦ ማቃጠል ግን ይቻላል። በነገራችን ላይ የግመል ፋንድያ ደረቅና ትናንሽ እንክብል ስለሆነ ከከብት እበት ይልቅ ለመሰብሰብ ይቀላል።

ውሃ ስላልተነሣ እኔው ላንሣው። ለቀናት የተጠማ ግመል በዐሥር ወይም በዐሥራ አምስት ደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ ዐሥር ግመል ማለት አንድ ሺህ ሊትር ነው። አነስተኛ ገንዳ ላለው ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ገንዳው ቢተርፍ እንኳ የውሃውን መግቢያ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ በአፍንጫቸው ተገፍቶ ይሰበራል። በቀዝቃዛው ወቅትና እርጥብ ቅጠል ባለበት ጊዜ ግን ለቀናት ውሃ ላይሹ ይችላሉ። ስለዚህ መቼ እንደሚመጡና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጡ መጠየቅ የባለ መሬቱ ፋንታ ነው። ጨው እንዲያቀርቡላቸው ከጠየቁ አይገረሙ፤ ግመል ከሌሎች ከብቶች በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨው ይፈልጋል።

የሐኪም ማስረጃ፣ የኃላፊነት መድን፣ እሳት የሚነድበትና ሰዎቹ የሚጸዳዱበት ቦታ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጻፋል። ግመለኛው ደስ ብሎት ይፈርማል፤ ካልፈረመም መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ተቃዋሚው ተከራካሪ፦

ተከራካሪዬ አሁን የሚከላከሉት መጀመሪያ የቀረበውን ሐሳብ አይደለም። መጀመሪያ የተባለው ባለይዞታ ሲጠየቅ ሊፈቅድ ይገባል ነው፤ አሁን የተጻፈው ግን ንፋስ ለሚለካ፣ መኖውን ለይቶ ለሚያውቅ፣ ግመል ተኮላሽቶ እንደሆነ አይቶ ለሚለይ፣ ባዶ የግጦሽ መሬት ለተረፈው ሰው የሚሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢያሳድር አልቃወምም። አብዛኞቻችን ግን አንድ ገንዳ፣ አንድ ግጦሽና አንድ በር ነው ያለን።

በማስረጃው ወረቀት ላይም ያን ያህል አልመካም። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ተመረመሩበት ቀን ነው። ሥር የሰደደ ሱራ ያለበት ግመል በደሙ ውስጥ የሚገኘው ጥገኛ አንዳንዴ እጅግ አነስተኛ ስለሚሆን በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚደረግ ምርመራ ሊያልፈው ይችላል፤ ወረቀቱ ሐሰት ሳይሆን ግመሉ በሽተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እከኩም ቢሆን ወዲያው አይታይም፤ ከሳምንታት በኋላ ነው ጸጉር የሚረግፈው። አረሙ ደግሞ ዝናብ ይጠብቃል።

የእኔ ተቃውሞ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። በአበው አነጋገር ግመል ሰርቆ ማጎንበስ አይቻልም ይባላል፤ ግመሉን መደበቅ አይቻልማ። ግመሉ ትቶት የሚሄደው ነገር ግን አይታይም፤ ሲታይም ግመለኛው በሌላ ይዞታ ላይ፣ ምናልባትም በሌላ አስተዳደር ሥር ነው። ከእርሱ በኋላ ሌሎች መንገደኞች አልፈው ይሆናል፤ አረሙ የማን እንደሆነ ማን ይመሰክራል? የፈረመው ወረቀት በእጄ አለ፤ ግን ጉዳቱን ከእርሱ ግመሎች ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ የለኝም። መድኑም የሚከፍለው ለተሰበረ አጥርና ለተነከሰ ሰው እንጂ በቀጣዩ ክረምት ለበቀለ እሾህ አይደለም።

ቀጣዩ የዝናብ ወቅት እስኪያልፍ በሦስተኛ ወገን እጅ የሚቀመጥ መያዣ ገንዘብ ቢኖር፣ ያም መያዣ ግመለኛው በመንገዱ ላለ ባለይዞታ ሁሉ በጋራ ቢሆንና አረሙ ከየትኛው ማደሪያ መጣ የሚለው ክርክር ባያስፈልግ፣ አቋሜን መለስ ብዬ ባየው ደስ ይለኛል። እስከዚያው ድረስ ከአጥሬ ውጭ ባለው የመንገድ ዳር መሬት ላይ፣ ማደር እስከተፈቀደ ድረስ፣ ይደሩ። ቧንቧውን ከአጥሩ በላይ አሳልፌ ለግመሎቹ ውሃ እሞላላቸዋለሁ፤ ገንዳውን ግን እነርሱ ይዘው ይምጡ።